የሊቀመንበሩ ሱሪ

እንግዶች ሊመጡ ነው በተባለ ሰሞን የመንደራችን ድሆች ከወትሮው ይበልጥ ደኽየው እንዲጠብቁ ተነገራቸው።

ነጋሪው ሊቀመንበሩ ነው። ሊቀመንበሩ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ገበያው ጥግ ባለው ሱቁ ጨርቅ ሲለካ ይውላል፣ ከሰዓት በኋላ የዚያው ሱቅ ጓዳ የመረዳጃ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይሆናል። ማኅበሩ ማኅተም አለው። ኮሚቴ አለው። የሊቀመንበሩ ፊት ከእነ ፈገግታው የታተመበት፣ የአንድ ቤት ግንባር የሚሸፍን የፕላስቲክ ባነር አለው። የሌለው ነገር ቢኖር የሚረዳበት ዕቃ ነው። ዕቃው ከከተማ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ይመጣል፤ የሚመጣውም ዋናው መሥሪያ ቤት ችግሩን በዓይኑ አይቶ ሆዱ ሲባባ ነው። ስለዚህ የማኅበሩ ዋና ሥራ ችግር ማሳየት ሆኗል።

«ችግር ዝም ብሎ አይታይም» አለኝ ሊቀመንበሩ፣ ሱቁ ውስጥ ወንበር ስቦ እያስቀመጠኝ። «ዝግጅት ይፈልጋል። አንተ የተማርክ ነህ፣ ይገባሃል።»

እኔን የፈለገኝ ለፎቶ ነበር። ሩቅ አገር ሄጄ ስለ አፈር ስማር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ስመለስ ከያዝኩት ሁሉ ለመንደሩ የሚጠቅም ሆኖ የተገኘው ካሜራዬ ብቻ ነው። እንቢ ልለው አፌን ከከፈትኩ በኋላ የአክስቴ ጣሪያ ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። መንደሩ «እትዬ መቀስ» ይላታል፤ ስለ መቀሷ ይሁን ስለ ምላሷ ጠይቄ አላውቅም። እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በምርኩዝ ከአልጋዋ እስከ ማሽኗ፣ ከማሽኗ እስከ በሯ ትደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓለም በመስኮቷ በኩል ትሰድበዋለች። የቤቷ ቆርቆሮ ዝጎ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። ባለፈው ክረምት ማሽኑን ወዴትም ብናዞረው የሚጠብቀው ሌላ ቀዳዳ ነበር፤ ውሃ ገብቶበት ዝጎ መርፌው አልንቀሳቀስ አለ፣ «ብየዳው» የምንለው ብየዳ ሠራተኛ ጎረቤታችን በዘይት አሽቶ በመከራ አስነሣው። ዘንድሮም ውሃ ከጠጣ እንደማይነሣ ነግሯታል። ማሽኑ ቆመ ማለት አክስቴ የሰው እጅ ጠባቂ ሆነች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከሄድኩበት ይዤ የተመለስኩት ኪስ ቆርቆሮ የሚገዛ አልነበረም።

«ማኅበሩ ቆርቆሮ ያመጣል» አልኳት።

«የጨርቁ ሰውዬ?» አለች። «ከአንድ ክንድ ጨርቅ ላይ ጣት የሚያህል የሚያስቀር ሰው ቆርቆሮ ሊሰጠኝ?»

«እሱ አይደለም እቴቴ፣ ከከተማ ነው የሚመጣው። እሱ የሚያሳየው ብቻ ነው።»

«ምኑን ነው የሚያሳየው?»

«አንቺን።»

ሳቀች። ግን ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ እንቢም አላለች።

ለዝግጅቱ ሊቀመንበሩና የኮሚቴው ጸሐፊ መጡ። ጸሐፊው በጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ዛሬም ሰው ቤት ሲገባ ክፍል የገባ ይመስል ዝምታ ይጠብቃል። አክስቴ ማሽኗ ላይ ነበረች። የምትሰፋው የሊቀመንበሩን ሱሪ ነው፤ ሆዱ በማኅበሩ ሥራ ስለገፋ ወገቡ ይስፋልኝ ብሎ ማክሰኞ ዕለት ያመጣው፣ ለትልቁ ጉባኤ የሚለብሰው ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ።

ሊቀመንበሩ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ቃኘ። «ይሄ መጋረጃ ይነሣ።»

«ምን አደረገህ?» አለች አክስቴ።

«አበባ አለበት፣ እትዬ።»

«ደሃ አበባ አያይም?»

«ያያል። ሜዳ ላይ። ሬዲዮኑም ይውጣ።»

«ወሬስ አይሰማም?»

«ከጎረቤት ይሰማል።»

መጋረጃው ወጣ። ሬዲዮኑ፣ ቁምሳጥኑ፣ መስታወቱ፣ ፍራሹ ሳይቀር ወጡና ብየዳው ግቢ ተደረደሩ። ሊቀመንበሩ ሲያዝ አየሁት፤ ሱቁን ሲያሰናዳ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም። በመጨረሻ ማሽኑ ዘንድ ደረሰ።

«እሱን እንዳትነካ» አለች አክስቴ።

«እትዬ፣ ማሽን ያለው ሰው ባለ ድርጅት ነው። ለባለ ድርጅት ማን ቆርቆሮ ይሰጣል? ለአንድ ቀን ነው።»

 ማሽኑን አየች፣ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ብየዳውን ጠራችው። «ውሰደው። እንዳለ ነው የምትወስደው። ክሩን የነካ፣ ጨርቁን ከእግሩ ያወጣ ሰው እጁን ነው የምቆርጠው፤ ስፌቴ ይጣመምብኛል።»

ብየዳውና ወንድሙ ማሽኑን ከእነ ጠረጴዛው ተሸክመው ወጡ፤ የሱሪው አንድ እግር እንደ ጅራት ተንጠልጥሎ እየተወዛወዘ ተከተላቸው። ሊቀመንበሩ አላየውም። ግድግዳው ላይ የቀረውን ሚስማር ለማውጣት እየታገለ ነበር።

ፊቷን ያሰለጠነላት ዳይሬክተሩ ነው። «ትንሽ ዝቅ ይበሉ። አይሳቁ። አይቆጡ።»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

አሰበበት። «ተስፋ ያለበት ሐዘን» አላት።

እኔም ውጭ አገር እንደተማረ ሰው ጥግ ይዤ ቆሜ ነበር።

በማግስቱ ባነሩ የቤቷን ግንባር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፍኖ ተሰቀለ፤ ሊቀመንበሩ በሩ አናት ላይ ጥርሱን ገልጦ ወደ መንገዱ ያያል። ብዙም ሳይቆይ ከበታቹ እውነተኛው ሊቀመንበር ቆመ፤ እሱም ጥርሱን ገልጧል። መኪኖቹ መጡ። ከኋላቸው ቆርቆሮ የጫነው የጭነት መኪና ፀሐይ እያንጸባረቀ ደረሰና አፍንጫውን ወደ ቤቱ አዙሮ ቆመ። አክስቴ በሩ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ቆርቆሮውን ስታይ ፊቷ ላይ ለአፍታ ዳይሬክተሩ የፈለገው ዓይነት ነገር ታየ። ሳታውቀው ነው።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣችው ኃላፊ ጥቁር መነጽር ያደረገች፣ ጫማዋን ለጭቃ የሰጋች ሴት ናት።

«እኚህ ናቸው እማማ» አለ ሊቀመንበሩ፣ የአክስቴን ትከሻ ይዞ። በአዘቦት ቀን «እትዬ» ነው የሚላት፤ «እማማ» የሚላት እንግዳ ሲኖር ነው።

ኃላፊዋ አንገቷን ወደ ቤቱ አስገባች። ባዶ ግድግዳ፣ ፍራሽ የሌለው አልጋ፣ መጋረጃ የሌለው መስኮት። ረጅም ጊዜ አየች። ሊቀመንበሩ በደስታ ሰውነቱን መቆጣጠር አቅቶት ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው ይቀያየራል።

«እንዴት ነው የሚኖሩት?» አለች።

«እንደሚያዩት ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«እኮ! እዚህ ቤት ላይ ቆርቆሮ ብናለብስ ምን ዋጋ አለው? ምን ሊሸፍን? እኚህ እናት ብቻቸውን መኖር አይችሉም።» ወደ መኪናዋ ዞረች። «ከተማ መጦሪያችን ውስጥ ክፍት አልጋ አለ። ዛሬውኑ ይዘናቸው እንሂድ።»

ዝግጅቱ ከልክ በላይ ተሳክቶ ነበር። ሊቀመንበሩ መኪናዋን አየ፣ ባዶውን ቤት አየ። ዕቃ አላት እንዳይል ያወጣው ራሱ ነው። አየር ሳብ አደረገና ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ግሩም ሐሳብ ነው» አለ።

«ሠራተኛ ናት!» አልኩ። «ልብስ ሰፊ ናት። ዕቃዋን ትናንት ነው ያወጡባት።»

ኃላፊዋ በጥቁሩ መነጽር አየችኝ። «ማነው?»

«የእህታቸው ልጅ ነው» አለ ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሽታ እንደሚናገር። «ውጭ ነው የተማረው።»

«እ» አለች ኃላፊዋ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ሾፌሩ የኋላውን በር ከፈተ።

አክስቴ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች። ሊደግፋት እጁን የዘረጋውን ሊቀመንበር በክርኗ ገፋ አደረገችው፣ መቃኑን ያዘችና መንደሩ የሚያውቀውን ድምፅ አወጣች።

«አንተ ብየዳ! ማሽኔን አምጣ! ሁሉንም አምጣ!»

ብየዳው አጥሩ ጀርባ ሆኖ ሲያዳምጥ የቆየ ይመስላል። በሩ ተከፈተና መጡ። ማሽኑ ከፊት፣ ቁምሳጥኑ ከኋላ፤ ፍራሹ በሰው ራስ ላይ፤ አበባው መጋረጃ በብየዳው ሚስት ክንድ ላይ። ሬዲዮኑን ማንም ስላልዘጋው ስለ በግ ዋጋ እያወራ ገባ። የማኅበሩ እንግዶች መንገድ ለቀቁላቸው።

ሊቀመንበሩ ሞቶ ሲነሣ አየሁት። ፊቱ አመድ ሆነ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ አጨበጨበ።

«ይኸውላችሁ!» አለ አፉን ሞልቶ። «ማኅበራችን ለእማማ ያዘጋጀው! ድንገተኛ ደስታ ይሁንላቸው ብለን ደብቀነው ነበር! የልብስ ስፌት ማሽን! ቁምሳጥን! ፍራሽ! አጨብጭቡ እንጂ!»

አጨበጨቡ። ለአክስቴ ቁምሳጥን አጨበጨቡለት፣ እኔ በልጅነቴ በሚስማር ስሜን ለጫርኩበት ቁምሳጥን። ዳይሬክተሩ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። በዚያን ቀን ከሁሉ የናቅኩት እሱን ሳይሆን አይቀርም፤ እንባው እውነተኛ ነበር።

«ፎቶ!» አለኝ ሊቀመንበሩ። ራሱ ሄዶ ማሽኑ ላይ እጁን ጫነ።

አክስቴ ቀስ እያለች ቀረበች። «ማሽኑን ማኅበሩ ነው የሰጠኝ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሱሪውንስ?»

እጁን ከማሽኑ ላይ አነሣ። አክስቴ የማሽኑን እግር አነሣች፣ ጨርቁን ሳበች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ሱሪውን በወገቡ ይዛ ሊቀመንበሩ ሆድ ላይ ለካችው። ልክክ አለ።

«አይ ደግነት» አለች። «ማሽኑን ዛሬ ሰጠኸኝ፣ ሱሪህን ከማክሰኞ ጀምሮ ስሰፋልህ ነበር። እንዴት አድርጌ ነው፣ በጣቴ?»

መጀመሪያ የሳቀችው የብየዳው ሚስት ናት። ከዚያ አጥሩ ጋ የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። የጭነት መኪናው ሾፌር ሳይቀር መሪው ላይ ተደፍቶ ይንፈራፈራል።

አሁን ነገሩ ወጣ አልኩ። ኃላፊዋን አየኋት። መነጽሯን አወለቀች፤ ሱሪውን አየች፣ ሊቀመንበሩን አየች። ገብቷታል። ዓይኖቿ ውስጥ ሲገባት አይቻለሁ። ቀጥሎም ሰዓቷን ስታይ አየሁ። ልጠይቅ ብትል ባለፈው ዓመት ማኅበሩ ሰጠሁ ያለው ማሽንም፣ የሌላው ቤት ፍራሽም ይጠየቃል፤ እነዚያን ስጦታዎች ለአለቆቿ ያቀረበችው ደግሞ እሷ ናት።

«እንዴት ያሉ ተጫዋች እናት ናቸው!» አለች። «እኚህማ መጦሪያ አያስፈልጋቸውም። እንኳን ማሽኑ ደረሰላቸው። ደንባችን ለአንድ ቤት አንድ ድጋፍ ስለሆነ ቆርቆሮው ለሚቀጥለው መንደር ይለፍ።»

የመኪናው የኋላ በር ተዘጋ። ሊቀመንበሩ ከሳቁ ለማምለጥ ይሁን ከእኔ፣ ተሽቀዳድሞ የፊተኛው መኪና ውስጥ ገባ። ቆርቆሮው እየተንሿሿ በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ብየዳውና እኔ ዕቃውን ወደየቦታው መለስን። ተራራው ላይ ደመና ተጭኗል። ሚስማሩን መልሼ መጋረጃውን ስሰቅል አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ወደ ላይ ታያለች፤ በጥድፊያው ባነሩን ረስተውታል።

«ያ ነገር ውሃ ያስገባል?» አለች።

አንድ ማሰሮ ውሃ ደፋሁበት። ጠብ አላለም።

«አውርደው።»

ማሽኗ ላይ ዘረጋችው። ወፍራሙን መርፌ አስገባች፣ ዳር ዳሩን ሁለት ጊዜ አጥፋ በድርብ ስፌት ዞረችው፣ ማሰሪያ ሰፋችለት። ፕላስቲኩ አልበሳ እያለ ማሽኑ አቃሰተ፤ እሷም እያባበለችው፣ እየሰደበችው ጨረሰች። ብየዳውና እኔ ከጣሪያው ሥር አጋድመን ወጠርነው፤ በቀዳዳ የገባ ውሃ ወርዶ ወርዶ በግድግዳው አናት ወደ ውጭ እንዲፈስ። ማሽኑንና አልጋዋን ይሸፍናል። ጓዳው ድረስ አይደርስም፤ እዚያ የቆርቆሮ ጣሳ አኖርን።

ሊቀመንበሩ በማግስቱ መጣ። ማካፋት ጀምሯል። በሩ ላይ ቆሞ ኮቱን አራገፈ።

«እትዬ፣ ሱሪዬን ልወስድ ነበር።»

«አልቋል።» አጥፋ ሰጠችው። «ወገቡ ላይ ትርፍ ትቼልሃለሁ። ገና ትወፍራለህ።»

ተቀበለ፤ ግን አልሄደም። «ባነሩ ደግሞ ... የማኅበሩ ንብረት ነው። ሌላ መንደር ፕሮግራም አለን። ያለ እሱ እንዴት ...» ቀና ሲል ከራሱ ፈገግታ ጋር ተገጣጠመ። ፊቱን ወደ ክፍሉ አድርገን ነበር የወጠርነው፤ አፉ ከማሽኑ በላይ ነው፣ ጆሮው አልጋው ጋ ይደርሳል።

«የራሴን ማሽን በሰው ፊት ሰጥተኸኛል» አለች አክስቴ። «አሁን ደግሞ ሰው ሳያይህ ከራስህ አንድ ነገር ስጥ። አያሳክክህም፣ ልመደው።»

ወደ እኔ ዞረ። ወንበር ላይ ሆኜ ሬዲዮኑን እያስተካከልኩ ነበር፤ ድምፁን ጨመርኩት።

«እሺ፣ ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ግን ፊቱ ወደ ላይ ሊሆን ይችል ነበር። ምን አስባችሁ ነው ወደ ታች?»

«ዝናብ ሲመጣ መስኮቴን እዘጋለሁ» አለች አክስቴ። «መስኮት ተዘግቶ ማንን ልስደብ?»

ሱሪውን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ በጭቃው ላይ እየዘለለ ሄደ። ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ሲንጣጣ፣ ቀጥሎም ፕላስቲኩ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ቀና ብለን ጠበቅን፤ ውሃው በሊቀመንበሩ ጀርባ ተንሸራቶ በግድግዳው አናት ወጣ። ጓዳ ያለው ጣሳ ብቻ ይጮኻል።

አክስቴ የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ወደ መርፌው ዓይን አስጠጋች። አልገባላትም። ቀና አለች።

«አንተ ሆዳም» አለችው። ክሩ ገባ።