መረዋው ያነበበው ሕግ

ምክር ቤቱ ውስጥ በድምፁ «መረዋ» ነው የሚሉት። የሕጎች አንባቢ ነዋ! ወንድም ከወንድሙ መተላለቅ ከጀመረ ወዲህ የወጣውን ሕግ ሁሉ ለእንደራሴዎቹም ለሬዲዮኑም ያሰማው እሱ ነው፤ የክተቱን፣ የሰዓት እላፊውን፣ የዳቦ ራሽኑን። ሚስቱ ሥራዋን እየሠራች ታዳምጠዋለች። «ሬዲዮ ላይ ስትሆን እንኳ ሰው ትመስላለህ» ትለዋለች ሲገባ።

የዛሬው ሕግ ግን ጣጣ ነበረበት። ዓመት ሙሉ ወሬው የጠፋ ወታደር እንደሞተ ይቆጠር፣ ቤተሰቡም ጡረታ ያግኝ ይላል። ደግ ሕግ ነው፣ ማን ይጠላዋል? ብቻ የመረዋና የሚስቱ አንድ ልጅ ግንባር ሄዶ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። እሷ ዛሬም ድረስ በሩን ሳትቆልፍ ነው የምትተኛው። «ቁልፍ አልያዘም እኮ ልጄ» ትላለች። በዚህ በጦርነት ጊዜ! ሌባው እንኳ አዝኖላት መሰለኝ ገብቶ አያውቅም። ይቺን ተስፋዋን ከነጠቋት ምን ይቀራታል?

ስለዚህ ጠዋት፣ እሷ ጓዳ ሳለች፣ የሬዲዮኑን ባትሪ ድንጋዮች አውጥቶ ኪሱ ከተተ።

ምክትሉ የልጁን ነገር ያውቃልና ስብሰባው ሳይጀመር ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የዛሬውን እኔ ላንብበው» አለው።

«ሥራ ሥራ ነው» አለ መረዋ። ግትር! የሥራ ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ ሰው ልጁን «ሞቷል» ሲል ተቀምጦ መስማቱን ፈርቶ ነው። አነበበው። ድምፁ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። እጆች ወጡ፣ ሕጉ ጸደቀ፣ ተጨበጨበ። እሱ ወረቀቱን አጠፈ።

ሰፈሩ ሲደርስ ደጁ ላይ ሰው ቆሟል። ሚስቱ ጥቁር ለብሳ መሬት ተቀምጣለች፤ የጎረቤት ሴቶች ከበዋታል።

«ሬዲዮናችን እምቢ አለኝ» አለችው ቀና ብላ። «ድምፅህ ቢናፍቀኝ ጎረቤት ሄጄ ሰማሁህ።»

አጠገቧ ዘጭ አለ። «ሕግ ነው እኮ... ሞቶ አየሁት ያለ የለም። ይመጣ ይሆናል...»

«ተው» አለች እጁን ይዛ። «ሌላ ሰው አንብቦት ቢሆን ውሸታቸውን ነው እል ነበር። ያነበብከው አንተ ነህ። እንዲያ ረጋ ብለህ። አባቱ ቁርጡን ባያውቅ እንዴት እንዲህ ያነባል አልኩ።»

ሲመሽ ለቀስተኛው ተሰናብቶ ወጣ። የመጨረሻዋን ጎረቤት ከሸኘች በኋላ ሚስቱ በሩን ዘጋችና ቆለፈችው።