ማሩዳን ያልተመለሰበት ግድብ

እናቴ የመንደራችንን አምላክ የካራያማን ፊት አይታ አታውቅም። ቤታችን ከቤተ መቅደሷ አጥር አጠገብ ነው፤ ደወሉ ሲደወል የእኛ ድስት ክዳን ይንቀጠቀጣል። እናቴ ሙሽራ ሆና ከሌላ መንደር ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ያንን ደወል ስትሰማ አርጅታለች። ዘንድሮ የማዱራይ ሐኪም ዓይኗ እየጠፋ መሆኑን፣ በጋውንም እንደማያልፍ ነገራት። ስልክ ደውላ ግን ስለ ሐኪሙ አልነገረችኝም።

«ማራን» አለችኝ፤ «ካራያማ ምን እንደምትመስል ሳላይ ልጨልም ነው?»

የችሎት ካባዬን ወንበር ላይ ጥዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ስናደድ ነበር። ሰው ከመቅደስ ደጅ ስለ መከልከሉ በራሪ ጽሑፍ ጽፌአለሁ፣ በአደባባይም ተናግሬአለሁ፤ ያም ሆኖ የገዛ እናቴ ከደጅ ቆማ ቀርታለች።

መንደራችን ነገሩን እንዲህ ያወራዋል። የዘራችን አባት ማሩዳን የትልቁ ኩሬ ውሃ ጠባቂ ነበር። በዝናብ ወራት አንድ ምሽት ግድቡ ሲሰነጠቅ አየ። ስንጥቁ ላይ ፀጉሯ የራሰ ሴት ቆማለች። «ውሃው የኔ ነው፤ ይዤው ወደ ባሕር ልሄድ ነው» አለችው። እግሯ ላይ ወደቀ። «ለሹሙ ነግሬ እስክመለስ ብቻ ታገሺኝ፤ እኔ ሳልመለስ ንቅንቅ እንዳትይ!» ቃል ገባችለት። ሮጦ ሄዶ ለሹሙ ነገረ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ካልተመለሰ ደግሞ መሄድ አትችልም። ያቺ ሴት ካራያማ ናት፤ መቅደሷም የተሠራው በቆመችበት፣ ግድቡ ጫፍ ላይ ነው።

ለዚህ ነው የማሩዳን ቤት ሰው መቅደሱን የማይረግጠው። ከገባን «ተመለሰ» ብላ ውሃዋን ይዛ ትሄዳለች። በበዓሏ ቀን ምስሏን በትከሻ ተሸክመው መንደሩን ሲያዞሯት እኛ ደጅ ሲደርሱ መጋረጃዋን ይዘጋሉ፣ ከበሮውን ጸጥ ያሰኛሉ፣ ሌባ እንዳባረረው ሰው እየሮጡ ያልፋሉ። እንዳታየን ነው። በልጅነቴ ከመጋረጃው ሥር አጮልቄ ለማየት ስሞክር እናቴ መጀመሪያ የኔን ዓይን፣ ከዚያ የራሷን ትሸፍን ነበር።

እኔ በጽሑፌ ማሩዳንን ሹሙ እንዳስገደለው፣ ተረቱም ግድያውን ለመሸፈን፣ እኛንም ከበር ለማስቀረት የተፈጠረ መሆኑን አስረድቻለሁ። እናቴ ደግሞ ወደ ግድቡ እንዳይመለስ ራሱ «አንገቴን ቁረጡኝ» ብሎ ለምኗል ትላለች።

መንደር ስደርስ ቤት እንኳ ሳልገባ በቀጥታ ወደ ካህኑ ሄድኩ። ሶካሊንጋም ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ኮኮናት ይልጣል።

«ነገ እናቴን ይዤ እገባለሁ» አልኩት።

«ግቡ።»

«ሕግ አለ!»

«ግቡ አልኩህ እኮ። ምን ያስጮህሃል?»

«ፖሊስ ይዤ ነው የምመጣው።»

«ይዘኸው ና፤ እሱም ይሳለማል።» የኮኮናቱን ጭረት በእጁ ጠራረገ። «ጌታው ጠበቃ፣ ማን ከለከላችሁ? ሰፈራችሁ ሁሉ ይገባ የለ? ጎረቤታችሁ ፓንጃቫርናም ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ ናት። እምቢ ያለው ያንተ ቤት ነው።»

ይህ እውነት ነው፤ ለክርክሬም ፈጽሞ አይመችም። በአያቴ ዘመን ዝቅተኛ ዘር ነው ብለው ሰፈራችንን ከመቅደሱ በዱላ ያባርሩት ነበር። ማንም ከመቅደስ አይከልከል የሚለው ሕግ ሲመጣ ሁሉም ገባ፤ የኛ ቤት ብቻ ቀረ። ታዲያ መጀመሪያ ከውጭ ያቆመን ዱላው ነው ወይስ ማሩዳን?

«ሹሙስ? የቆረጠው አንገትስ?» አልኩት።

«የማንን አንገት? አባቴ የነገረኝ ማሩዳን ፈርቶ ሸሸ፣ ከማዶ መንደርም ሚስት አገባ ነው። ያኔ ቢሞት ኖሮ አንተ ከየት መጣህ?»

ችሎት ፊት ተረትቼ አላውቅም። ኮኮናት የሚልጥ ሰው ረታኝ።

ቤት ስደርስ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። እናቴ ሰውነቷን በእርድ ታሽታ የሰው ሳሪ ለብሳለች። ፓንጃቫርናም ተንበርክካ እጥፋቱን ታስተካክላለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሠርጌ ሳሪ ነዋ» አለች ፓንጃቫርናም። «ነገ እናትህ እኔን ትሆናለች። እኔ ቤት እቀመጣለሁ፣ እሷ በኔ ስም ገብታ ታያታለች፣ አለቀ።»

«ካህኑስ?»

«እሱ ነው የመከረን።»

«እማ፣ ሁሉን ታያለች የምትያትን አምላክ በሳሪ ልታታልያት ነው?»

«ሁሉን አታይም፣ ትጠብቃለች ነው ያልኩህ» አለች እናቴ። «የሚጠብቅ ሰው በር በሩን ነው የሚያየው። በሩ ላይ ፓንጃቫርናም ከገባች ምን ያገባታል?»

«ደግሞስ አንቺ ከማሩዳን አልተወለድሽም! በጋብቻ ነው የመጣሽው!»

«ከሱ አልተወለድኩም፤ ቤቱ ግን ነኝ። ድስቱን ማን ሲያጥብ የኖረ መሰለህ?»

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ኩሬው ግን እስከ አፉ ሞልቷል። እናቴ የመቅደሱን ደፍ ስታልፍ ክንዴን ጨመቀችው። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የሎሚና የራሰ አበባ ሽታ አለው። መጋረጃው ተዘግቷል።

«ስም?» አለ ሶካሊንጋም፣ ከሙሽርነቷ ጀምሮ የሚያውቃትን ሴት።

«ፓንጃቫርናም።»

ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ ለፓንጃቫርናም ጸለየ። ለፓንጃቫርናም ጤና፣ ለፓንጃቫርናም ልጆች ጥጋብ። እኔ ልጇ አጠገቧ ቆሜ እናቴ በአንዲት ዕድሏ ሰዓት ስም አልባ ስትሆን እሰማለሁ። መጋረጃው ተከፈተ፣ ካህኑ የያዘው የካምፎር ዕጣን እሳት ወደ ላይ ተነሣ፣ እናቴ ቀና አለች፤

«ቬላማል!» ብዬ ጮህኩ። «ስሟ ቬላማል ነው! የማሩዳን ቤት ናት!»

እናቴ የሳሪውን ጫፍ ፊቷ ላይ ጎትታ ዞረች። ምንም ሳታይ ሮጠች። ያን ያህል መሮጥ እንደምትችል አላውቅም ነበር።

ሶካሊንጋም እሳቱ እጁ ላይ እየሞተ ተመለከተኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እናትህ ስትጸልይ እንኳ አፍህ አያርፍም?»

ግድቡ ሥር አገኘኋት። በየዓመቱ በዝናብ ወር ውሃ የሚያዣበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጭቃው ላይ ተቀምጣ በእጇ ትዳብሰዋለች። ፓንጃቫርናም ጩኸቱን ሰምታ ከኋላዬ እየሮጠች መጣች።

«የሠርጌን ሳሪ! ኧረ ቬላማል፣ ከጭቃው ተነሺ!»

«እማ፣ ምንም አልሆነም። ግድቡ ይኸው።»

«ያዣል።»

«ሁልጊዜ ያዣል። የጠራ ውሃ እስከወጣ ድረስ አያሰጋም ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ደፍርሷል» አለች። «እየው፣ ደፍርሷል። አፈር እየበላ ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የደፈረሰው ውሃው ነው ወይስ ዓይኗ? የኔ ዓይን ጤነኛ ነው፤ እኔም ግን መለየት አልቻልኩም። አንድ ጊዜ የጠራ ይመስለኛል፣ ዞር ብዬ ሳየው ሻይ ይመስላል። በእጄ ቀዳሁት፤ እጄ ራሱ ጭቃ ነበር። ይህ ሁሉ ከንቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ግድብ ስም ተጠራ ብሎ አይፈርስም። ታዲያ ለምን ደግሜ ቀዳሁ?

«ፓንጃቫርናም፣ ዶማ አምጪልኝ» አልኩ።

«ምን ልትሆን?»

«እኔ እዚህ እቆማለሁ። እማ፣ አንቺ ተመልሰሽ ግቢ። እስኪበቃሽ እዪያት።»

እናቴ የሳሪውን ጫፍ ከፊቷ አነሣች። «አንተ? ዶማ በየት በኩል እንደሚያዝ ታውቃለህ?»

«ካራያማ ከለቀቀችው እኔ እይዘዋለሁ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴን ለማባበል ይሁን ከልቤ፣ ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቅም። እናቴ እጇን ከጭቃው አነሣች።

«በስሜ ልግባ?»

«በስምሽ።»

ፓንጃቫርናም ዶማውን አምጥታ ሰጠችኝ፤ እናቴንም ክንዷን ይዛ ወሰደቻት። እኔ ጫማዬን አውልቄ መቆፈር ጀመርኩ። አፈሩን ስከምር ውሃው በጎን ይወጣል፤ ጎኑን ስደፍን በላይ። ዝናቡ ተመለሰ። ሁለት ገበሬዎች ግድቡ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ቆሙ።

«ጠበቃው ምን ሆነ?» አለ አንደኛው።

«ከኩሬው ጋር እየተከራከረ ነው» አለ ሌላው።

ቁፋሮዬን ቀጠልኩ። ደወሉ ተደወለ። ዶማውን ጭቃው ውስጥ ተክዬ ጆሮዬን ወደ ውሃው አቀናሁ፤ ምን እንደምሰማ ግን አላውቅም።

እናቴ በግድቡ ላይ ስትመለስ ግንባሯ ላይ የተቀደሰው አመድ ነበር። ቀስ ብላ ትራመዳለች። የካራያማ ፊት ምን ይመስላል ብዬ ልጠይቃት ነበር ያሰብኩት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቦታዋ ላይ ናት?»

«ማን?»

«ካራያማ። አልሄደችም?»

ፓንጃቫርናም በሳቅ ፈረሰች። እናቴ አልሳቀችም።

«የት ትሄዳለች?» አለች። «ስሜን ነገርኳት። አየችኝ። አይታ ስታበቃ፣ ከትከሻዬ በላይ በሩን ማየት ቀጠለች።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ሰው የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው ያላት። ሌላ ምንም የለውም። አሁን ውጣ፣ በስብሰሃል።»

«መጣሁ» አልኳት፤ ዶማውንም ከጭቃው ነቀልኩት። ውሃው የጠራ መሰለኝ። ግን አንድ ዶማ አፈር ጨመርኩበት፤ ከዚያም ሌላ።