የሦስተኛው ሩብ ንግግር

አሰልጣኙ ሲናገር ሜዳው መሃል ገብቶ መስማት የትንሿ ከተማችን የዎልፓ ሰው ሁሉ መብት ነው። የእኛ የአውስትራሊያ እግር ኳስ አራት ሩብ ነው፤ ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ መኪናውን አጥሩ ጥግ ያቆመውም፣ ሕፃን ያቀፈችውም፣ ቢራ የጨበጠውም ገብቶ ተጫዋቾቹን ይከባል። የክለባችን ሊቀ መንበር ዱጋልድ ይህን እንዴት እንደረሳው እንጃለት።

እኔ የተጫዋቾቹን እግር የማሸው ዊኒ ነኝ። አሰልጣኛችንን ኔቪልን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ሜልበርን ሄዶ በትልቁ ሊግ ሲጫወት ያላጨበጨበለት አልነበረም፤ ጉልበቱ ሲሰበር ግን ስልኩን የሚያነሳለት ጠፋ። እኛ ነን አሰልጣኝ ያደረግነው። ከዚያ ወዲህ ድርቅ ስንዴውን በጨረሰበት ዓመት እንኳ የማክሰኞ ልምምድ ቀርቶ አያውቅም።

ያን ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ ክለባችን ከጎረቤት ከተማው ከካንዳራ ክለብ ጋር ይቀላቀል አይቀላቀል ድምፅ ልንሰጥ ነበር። ከካንዳራ ጋር፣ አያቶቻችንን ሳይቀር ሲሰድቡ ከኖሩት ጋር። ስማችንም ማሊያችንም ሊቀር ነው። ጠዋት የኔቪልን ጉልበት እያሸሁለት ሳለ ዱጋልድ ገባና ወሬውን ዘረገፈው፦ ኔቪል ሰዉን ካግባባ የአዲሱ ክለብ አሰልጣኝ እሱ ራሱ ይሆናል፤ እምቢ ካለ በዚህ አገር የሚቀጥረው አይኖርም። እኔን እንደ ሰውም አልቆጠረኝ፣ ዓይኑ ላፈር። ኔቪል ካልሲውን ወደ ላይ ሳበ። ሁለት ልጆች አሉት፣ ሌላ ሙያ የለውም፤ እውነቴን ነው፣ ይስማማል ብዬ ፈራሁ።

የዚያን ዕለት ተጋጣሚያችን ራሷ ካንዳራ ነበረች። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ በአምስት ጎል፣ ማለትም በሠላሳ ነጥብ፣ ትመራን ነበር። ሰዉ ገብቶ ከበበ፤ ዱጋልድም ፈገግ ብሎ ከፊት ቆመ።

«ዛሬ ጠዋት ዱጋልድ ሥራ ሰጥቶኛል» አለ ኔቪል። «እናንተን ካስማማሁለት የአዲሱ ክለብ አሰልጣኝ ልሆን ነው። ስወድቅ ያነሳችሁኝን ሰዎች ልሽጥ? ሞኝህን ፈልግ፣ ዱጋልድ። መሞታችን ካልቀረ ደግሞ ከሞቱ አሟሟቱ ነው። በሉ ልጆች፣ ግቡ።»

የዱጋልድ ፊት ቲማቲም መሰለ። ልጆቹ እንደ እብድ ሮጡ። ጎል ባገባን ቁጥር አጥሩ ጥግ የቆሙት መኪኖች ክላክስ ሜዳውን ያናውጠዋል፤ እኔም ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። የማብቂያው ሳይረን ሲነፋ በአንድ ነጥብ ተሸንፈናል። ክላክሱ ግን አላቆመም፤ የካንዳራ ሰዎች ማን እንዳሸነፈ ግራ ገባቸው።

ለድምፅ መስጫው የክለቡ አዳራሽ ሞላ። ዱጋልድ ውህደቱን የሚደግፍ እጁን ያውጣ ብሎ የራሱን አወጣ። ሌላ እጅ የለም። ዞር ብሎ ሚስቱን ኮራልን አያት። እጆቿን አጣጥፋለች።

«ምን ታየኛለህ? እኔም እዚያው ሜዳው መሃል ቆሜ ሰምቻለሁ» አለችው።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ኔቪል ጉልበቱን እያሻሸ ከወንበሩ ተነሳ። «ማክሰኞ ልምምድ አለ» አለ። «ዱጋልድ፣ አንተም እንዳትቀር። ኳስ የሚያቀብል ሰው አጥሮናል።»