ደረጃ የሌለው ፎቅ

መሪጌታ አካለ ወልድ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ከዓይናቸው አቀረቡት፤ መልሰው አራቁት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ጣታቸውን አንዲት ፊደል ላይ ተከሉ።

«አንቺ ልጅ፣ መምህሬን ሌባ አደረግሽብኝ!»

ያለምወርቅ ደነገጠች። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የጽሕፈት ክፍሏ ስድስት ዓመት ስትተይብ እንዲህ ያለ ክስ ቀርቦባት አያውቅም። ክሱ ግን እውነት ነበር። መሪጌታ መምህራቸውን ያወደሱበት ቅኔ «ሠረቀ» ይላል፤ በግዕዝ እንደ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። እሷ ንጉሡን ሠ ትታ እሳቱን ሰ አስገብታለች፤ ያ ደግሞ መስረቅ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔታ። ንጉሡ ሠ የሚመጣው አንዱ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሲመታ ነው። ስፈጥን አንዷ ምት ትቀርብኛለች።»

«ስለ ጣትሽ አልጠየቅሁሽም። ቅዳሜ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ያን ዕለት የምነግርሽን አንድ ገጽ ያለ እንከን ከጻፍሽ መጽሐፉን እንድትተይቢው እተውልሻለሁ። አለዚያ ይዤው እሄዳለሁ።»

መጽሐፉ በእጃቸው የጻፉት ሦስት መቶ ቅኔ ነው። ያለምወርቅ እስካሁን የተየበችው ማመልከቻ ሁሉ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ውሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ይህ ግን ሰው የሚያነበው መጽሐፍ ነው። ከእጇ እንዲወጣ አልፈለገችም።

ዓለማየሁ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ሲዛወር የተወላት ወፍራም ኪቦርድ ነበራት። እያንዳንዱ ቁልፍ ምን እንደሚጽፍ ባለቤቱ ያዘዋል፤ አንዱ ቁልፍም ሁለት ሥራ ሊሠራ ይችላል። ያለምወርቅ ደብተሯ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሣለች። ምድር ቤት የዘወትሮቹን ፊደላት አኖረች። ፎቁ ላይ ንጉሡን ሠ፣ ሐመሩን ሐ፣ ዓይኑን ዐ፣ ፀሐዩን ፀ አወጣች። በግራ አውራ ጣቷ ሥር ያለውን ቁልፍ ደረጃ አደረገችው፤ ተጭና ስትይዘው ፎቅ ትወጣለች፣ ስትለቀው ትወርዳለች። ብዙኃኑ ኀ ብቻ ቦታ አጣ። እሱንም ፎቁ ላይ ባዶ ሆኖ ካገኘችው ቁልፍ ላይ አስቀመጠችው።

ሐሙስ ጠዋት ሞከረችው። «ሠረቀ» አማረ። ቀጥሎ «ሰላም» ብትል «ሠላም» ወጣ። «ሰው» ብትል «ሠው»።

ጎኗ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣው ልጅ፣ ድረስ፣ ከት ብሎ ሳቀ። «ንጉሡ ዙፋኑን አልለቅም ብሏል!»

«ዝም በልና ያንተን ኮምፒውተር አስሞክረኝ።»

በእሱም ኮምፒውተር ያው ሆነ። «አቧራ ነው» አለ ድረስ። የደረጃውን ቁልፍ ነቅላ አጸዳችው፤ ያው። ገመዱን ነቅላ ስትሰካው ምድር ቤት ትገኛለች፤ አንዴ ከወጣች ግን መውረድ የለም። እንግዲህ ጥፋቱ ከብረቱ ሳይሆን እሷ ከሰጠችው ትእዛዝ ነው።

ደብተሯን ገልጣ የመታችውንና የወጣውን በየተራ መዘገበች። ሃያ ጊዜ ሞከረች። ሃያውንም ጊዜ ደረጃውን ዳግመኛ ስትጫን ገጹ ላይ ያልጠራችው ኀ ብቅ አለ።

እስክሪብቶዋን ጣለች። «ድረስ! ደረጃው ላይ ሰው አስተኝቻለሁ!»

«ማንን?»

«ብዙኃኑን ኀ! ባዶ ነው ብዬ ያስቀመጥኩበት ቁልፍ ራሱ ደረጃው ነው። ታች ሆኜ ስጫነው ያወጣኛል። ላይ ስደርስ ግን ያው ቁልፍ ኀ ሆኗል፤ ስለቀው ‘ውረጂ’ የሚለኝ የለም።»

ኀን ወደ ጎረቤት ቁልፍ አዛወረችው። ፎቁ ላይ የደረጃውን ቦታ ክፍት ተወችው፤ ከታች የተሰጠው ትእዛዝ ወደ ላይ እንዲያልፍ። አዲሱን ትእዛዝ ኪቦርዱ ላይ ጭና ጻፈች፦ ሠረቀ፣ ሰላም፣ ፀሐይ፣ ሰው። ሁሉም በየቤቱ ገባ። ድረስ አጨበጨበ። እሷ ግን አርብን ሙሉ ጣቷን ስታለማምድ ዋለች።

ቅዳሜ መሪጌታ ዘንጋቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። አልተቀመጡም።

«ሀለየ» አሉ።

ያለምወርቅ ጣቷን አንሥታ ቆመች። «‘አሰበ’ ነው ወይስ ‘ዘመረ’?»

ቢያስብ በብዙኃኑ ኀ፣ ቢዘምር በሐመሩ ሐ ነው፤ ለጆሮ ግን አንድ ናቸው። መሪጌታ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«መጀመሪያ አሰበ፣ ቀጥሎ ዘመረ።»

«ኀለየ ወሐለየ» የሚለው ሳትደናቀፍ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልራሩላትም። ፀሐዩን ከጸሎቱ፣ ዓይኑን ከአልፋው እያፈራረቁ ገጹ እስኪሞላ ነገሯት። አውራ ጣቷ ወጣ ወረደ፤ ቁልፎቹ ተንጣጡ።

የታተመውን ገጽ ተቀብለው ቃል በቃል በጣታቸው ተከተሉት። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ወደ ላይ ተመልሰው እንደገና ጀመሩ።

«እንከን የለበትም» አሉ በመጨረሻ። በጨርቅ የተጠቀለለውን መጽሐፍ ከብብታቸው አውጥተው ፊቷ አኖሩት። «አንተ፣ ወደ አገሬ ወደ ቁይ የሚሄድ መኪና ፈልግልኝ።»

«አዲስ አበባስ የኔታ?» አለ ድረስ።

«አዲስ አበባ ምን ጉዳይ አለኝ?»

ያለምወርቅ ሲወጡ አላየቻቸውም። የመጀመሪያው ቅኔ ሦስተኛ መስመር ላይ ደርሳ ነበር።