መንታው ላይ የታሰረው ሪባን

"ቁጥር አሥራ አራት አሁንም አልደረሰችም።"

መገናኛ ሬዲዮው ይህን ሲል ሦስተኛ ጊዜው ነው። ከተራራው ላይ የሚናገረው የሁለተኛው ጣቢያ ጠባቂ የሆነው የመንደሩ ፖስተኛ ነው። በአዘቦት ቀን ደብዳቤ ሲያድል ወሬው አያልቅም፤ ዛሬ ግን ቃል እየቆጠበ ነው የሚያወራው። ጋሽ ሪባን መድረሻው መስመር አጠገብ እንደቆሙ ሰዓታቸውን አዩ። ከመጀመሪያው ጣቢያ እስከ ሁለተኛው ያለውን ዳገት ልጃቸው በሃያ አምስት ደቂቃ ትጨርሰዋለች። አሁን አርባ ስድስት ደቂቃ አልፏል። ውድድሩን ስትመራ የነበረችው ቁጥር አሥራ አራት የእሳቸው ልጅ ናት።

"ከኋላዋ የነበሩትስ?" አለች የውድድሩ ኃላፊ፣ ሬዲዮውን ወደ አፏ አስጠግታ።

"ዘጠኙም የሉም። ጉሙ ደግሞ አናቴ ላይ ተቀምጧል፤ አሥር ሜትር አይታየኝም።"

ኃላፊዋ ከመጀመሪያው ጣቢያ ያላለፉት ሯጮች ባሉበት እንዲቆሙ አዘዘች። የመንደሩ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ናት፤ ሠላሳ አልጋ የሚሞላላት በዚህ ውድድር ሰሞን ብቻ ነው። ፊቷ ቢገረጣም ለሰው ማሰቧን አልተወችም፤ የፕላስቲክ ወንበር ጎትታ አመጣችላቸው።

"ጋሼ፣ እስቲ አረፍ ይበሉ። ከጠዋት ጀምሮ እንደ ስልክ እንጨት ተገትረዋል።"

"ጉልበቴ ደህና ነው።"

ስለ ወንበር ለጠየቀቻቸው ስለ ጉልበታቸው መለሱላት። እሷ ግን ልብ አላለችም።

ጋሽ ሪባን በዚህ ሸለቆ ዙሪያ ያሉትን የሩጫ መንገዶች ምልክት ሲያስሩ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውሰው የመንደሩ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ብርቱካንማ ሪባን የታጨቀባትን የሸራ ቦርሳ ከአንገታቸው አውርደው ለሰው ሰጥተው አያውቁም። ሕጋቸው አጭር ነው፦ ሪባን ሁልጊዜ በሯጩ ቀኝ እጅ በኩል ይታሰራል፤ መሄድ የማይገባው መንገድ ላይ ቅርንጫፍ ይጋደማል። ሲያስሩም ከታች ጀምረው፣ በእግራቸው ወጥተው ነው። "የሚሮጠው ሰው የሚያየውን ሳላይ አላስርም" እያሉ በየዓመቱ ይኩራሩ ነበር።

ዘንድሮ ግን ጉልበታቸው ከዳቸው። ከትናንት በስቲያ ቱሪስቶቹን በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ተራራ ጫፍ በሚያደርሰው የኬብል መኪና ተሳፍረው ወጡና፣ ከላይ ወደ ታች እየወረዱ አሰሩ። ይህን የሚያውቁት ሁለት ናቸው፤ እሳቸውና ጉልበታቸው።

ሲወርዱ የእሳቸው ቀኝ ለሚወጣው ሯጭ ግራው ነው። ይህ አልጠፋቸውም። "በግራህ እሰር፣ በግራህ" እያሉ፣ ድምፃቸውን አውጥተው ራሳቸውን እያዘዙ ነበር የወረዱት። መንገዱ ሁለት የሚሆንበት መንታው ጋ ሲደርሱ ግን ጉልበታቸው ታጥፎ ጣላቸው። ተቀመጡ፣ ተሳደቡ፣ እንደ ምንም ተነሡ። ከዚያ...

ከዚያ ምን አደረጉ? ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን አዩት። ቀኝ እጃቸው፣ ያ ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ፣ ወደ ቀኝ ተዘርግቶ በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለችው ቁጥቋጦ ላይ ቋጠሮውን ጠበቅ ሲያደርግ አዩት። ቅርንጫፍ አላጋደሙም፤ ጎንበስ ብለው መጎተት አቅቷቸው "ሪባኑ ይበቃል" ብለው አልፈዋል።

ያችን ሪባን በቀኙ አድርጎ የሚሮጥ ሰው የግራውን መንገድ ይይዛል። የግራው ደግሞ በረዶው ሲቀልጥ በወረደው ናዳ የተቆረጠው አሮጌ መንገድ ነው። ከመንታው ሦስት መቶ እርምጃ ሄዶ፣ አንድ እጥፋት ላይ ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው።

ልጃቸው መንገዱ መቆረጡን ታውቃለች። ይህ ግን አላጽናናቸውም፤ ይልቁንም አባሰባቸው። ባዕድ ሰው ሪባኑን ተጠራጥሮ ቆም ሊል ይችላል። እሷ አትቆምም። አባቷ ሪባን ካሰረበት መንገዱ ተጠግኗል ማለት ነው ብላ፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ በሙሉ ፍጥነቷ ትገባለች። የቀሩትም የአገሩ ልጅ ናት ብለው ይከተሏታል።

"ወንዙ ጋ ነው የሳቱት" አለች ኃላፊዋ፣ ገመድ ተሸክመው ለተሰለፉት ስድስት የነፍስ አድን ሠራተኞች። "ድልድዩን ሳያዩ አልፈው ጫካ ገብተው ይሆናል። ቶሎ በሉ።"

"ምናልባት ሪባኑ ላይ ስህተት ቢኖርስ?" አለ አንደኛው።

"ጋሽ ሪባን ያሰሩት ላይ? ባክህ ተወኝ!"

ሰዎቹ ገመዳቸውን አነሡ። ወንዙ ያለው ከመንታው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ዝም ቢሉ ለጊዜው ማንም የሚጠረጥራቸው የለም። ይህ ሐሳብ መጣባቸው፤ አልመጣም ማለት አይቻልም። በመጣበት ቅጽበት ራሳቸውን ጠሉት።

"ወደ ወንዙ አትላኪያቸው" አሉ።

"ምን አሉኝ?"

"መንታው ጋ ናቸው። የግራውን ይዘዋል። ሪባኑን አዛብቼ ያሰርኩት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ? እንዴት ሆኖ?"

"ከላይ እየወረድኩ ነው ያሰርኩት።"

"ለምን ከላይ?"

"ጉልበቴ አላወጣኝ አለ። በኬብል ነው የወጣሁት።" ድምፃቸው ጮክ ብሎ ወጣ፤ ውድድሩን ሊያዩ የመጡት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩአቸው። "ቆይ፣ በኋላ ትሰድቢኛለሽ። ፖስተኛውን አሁኑኑ ወደ መንታው አስወርጂው፤ ለእሱ ቁልቁለት ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም!"

አልሰደበቻቸውም። ሬዲዮውን አንሥታ ፖስተኛውን አዘዘች፤ ነፍስ አድኖቹንም ወደ ዳገቱ መለሰቻቸው። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ጋሽ ሪባን የቦርሳቸውን ማንገቻ ጨምድደው ተራራውን አዩ። ጉም እንጂ ተራራ አይታይም። በሕይወታቸው እንዲህ ፈርተው አያውቁም። አሥር ደቂቃው አለፈ። አሥራ ሁለት ሆነ። አሥራ አራት ሲሆን ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

"አገኘኋቸው! አሥሩም አሉ!" ፖስተኛው ትንፋሹ ተቆራርጧል። "ጋሼ ይሰማሉ? ልጅዎ እጥፋቱ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ እንደ በር ቆማለች። ጉሙ እስኪገፈፍ ብላ አንድ ሰው ወደፊትም ወደኋላም አላሳለፈችም። አፋፉ ላይ ስትወድቅ ቅልጥሟ ተልጧል እንጂ ደህና ናት።"

ኃላፊዋ አለቀሰች። እሳቸው ግን "እሺ" ብቻ አሉ።

ልጅቷ እያነከሰች ስትደርስ ሰው ሁሉ ከበባት። እሷ በመካከላቸው አልፋ ወደ አባቷ መጣች፤ ሰላምታ የምትሰጥ መስላም እጃቸው ውስጥ አንድ ነገር ወሸቀች። ብርቱካንማ ሪባን ነው።

"ስመለስ ፈታሁት" አለች በሹክሹክታ። "ማንም አላየኝም። ነፋስ ወስዶታል እላለሁ።"

"ነግሬያቸዋለሁ።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም።"

ልጅቷ አተኩራ አየቻቸው። "ጉልበትህንም?"

"ታውቂ ነበር እንዴ?"

"ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ስትደገፍ አይቼሃለኋ፣ አባዬ። እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።"

እሷ ዝም ብላ የጠበቀችው እንዳያፍሩ ነው፤ እሳቸው ዝም ያሉት ደግሞ እንዳያፍሩ ነው። በዚያ መካከል አሥር ሰው ገደል አፋፍ ደርሶ ተመለሰ።

ጉሙ መገፈፍ ሲጀምር ኃላፊዋ ቀረበች። ከሰዓት በኋላ ውድድሩ ከመጀመሪያው ጣቢያ እንደገና ይጀመራል፤ ከዚያ በፊት ግን ምልክቱ በሙሉ በእግር መታየት አለበት። ይህን ስትናገር ዓይኗን ከጋሽ ሪባን ላይ አሸሸች።

"በዚህ እግር አልሮጥም" አለች ልጅቷ። "መራመድ ግን አያቅተኝም።"

ኃላፊዋ ነፍስ አድኖቹን ገና እላይ ስላሉ አብረዋት እንዲዞሩ በሬዲዮ ነገረቻቸው። ጋሽ ሪባን ማንገቻውን በጭንቅላታቸው አወለቁ። አንገታቸው ላይ የቀረው ነጭ መስመር ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። ቦርሳዋን ለልጃቸው አቀበሏት።

"ከታች ጀምረሽ ነው። በእግርሽ። ሪባኑ በቀኝሽ፣ ቅርንጫፉ በግራው መንገድ ላይ።"

"አውቃለሁ፣ አባዬ።"

"አውቃለሁ አትበይ። እኔም አውቅ ነበር።"

ልጅቷ ሳቅ ቢጤ ብላ ቦርሳዋን አጠለቀችና ዳገቱን ያዘች። ቀስ እያለች፣ በየሪባኑ እየቆመች፣ ቋጠሮውን እየነካች ወጣች። የመጀመሪያው እጥፋት እስኪሰውራት ድረስ በዓይናቸው ተከተሏት።

ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ዞሩ።

"እስቲ ያን ወንበር አቀብዪኝ" አሉ።

አቀበለቻቸው። በሰው ሁሉ ፊት ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ።