ትቆርጠናለች ወይስ ትዘጋብናለች

ሳፍታ በተወለደችበት መንደር ሰው ሲሞት፣ እስከ አርባው ድረስ የሟቹን ድርሻ የሚበላለት አንድ ሰው ይመረጣል። ቤተሰቡ በየቀኑ ሳህን ይዞለት ይመጣል፤ ተቀባዩም «ነፍስ ይማር» ብሎ ይበላል። የበላው ሁሉ ለሟቹ ይደርሳል ይባላል። ሳፍታ ከወጣትነቷ ጀምሮ ስትመረጥ ኖራለች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ሐሜት አታውቅ፤ የቀረበላትን ደግሞ አሟጣ ትበላለች። «ሳፍታ የበላችው መንገድ ላይ አይቀርም» ይላሉ የመንደሩ ሴቶች።

ያልበላችለት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ሰውነቷም እንደዚያው ሆነ። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላት ደረጃ መውጣት አቃታት፤ ስኳሯ አሻቀበ፤ ተኝታ ሳለች ትንፋሿ ቆሞ የሚመለስ ሆነ። «አንድ ቀን ላይመለስ ይችላል» አለቻት ክራዮቫ ከተማ ያለችው ሐኪም፣ ዶክተር ሊቪያ። «ቀዶ ጥገናው ይቅር የሚባል አይደለም። የቀረን የትኛው ይሁን የሚለው ነው።»

ሐኪሟ የጋውኗን እጅጌ ጎተት አድርጋ አሳየቻት። «አንደኛው፣ ጨጓራዎን ከላይ እስከ ታች ቆርጠን እንደዚህ እጅጌ ቀጠን ያለ ቱቦ ብቻ እንተውልዎታለን። ሁለተኛው፣ ከአናቱ ላይ እንቁላል የምታክል ከረጢት ለይተን አንጀትዎን ከእሷ ጋር እንቀጥለዋለን። የሚበሉት በዚያ ያልፋል።»

«በመጀመሪያው፣ የተቆረጠው የት ይሄዳል?»

«ይመረመርና ይቃጠላል።»

«በሁለተኛውስ፣ ትልቁ ጨጓራ?»

«እዚያው ውስጥዎ ይቀመጣል።»

«ምን ሊሠራ?»

«ምንም። ደም ይደርሰዋል፣ ሕይወት አለው። ምግብ ብቻ አይደርሰውም።»

ሳፍታን ብርድ ብርድ አላት። ሳይበላ በጨለማ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነገር ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«ስኳርም ቃርም ስላለብዎ እኔ ሁለተኛውን እመርጥልዎታለሁ» አለች ሐኪሟ። «ግን ሰውነቱ የእርስዎ ነው። አስበውበት ሰኞ ይንገሩኝ።»

ሳፍታ ወደ መንደሯ ተመለሰች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ጎረቤቷ ዛምፊራ ሳህን ይዛ መጣች። የዛምፊራ ባል ቱዶራኬ ከሞተ አርባው እየተቃረበ ነው፤ ድርሻውን የምትበላለትም ሳፍታ ነበረች። ዛምፊራ ራሷ እንጨት የመሰለች ቀጭን ሴት ናት።

«ሳፍታ እህቴ፣ አለሽ?»

«የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው? በሩ እኮ ጠቦኛል።»

ዛምፊራ አልሳቀችም። ሽንኩርት የበዛበትን ባቄላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ቆመች። «ቱዶራኬ በሕልሜ መጥቶ ነበር።»

«ምነው፣ ጨው አነሰው?»

«ጨውስ ደህና ነው አለ። ግን ሳፍታን ጠይቂልኝ አለኝ፤ ትቆርጠናለች ወይስ ትዘጋብናለች?»

ሳፍታ ያነሣችውን ማንኪያ መልሳ አስቀመጠች። «እናንተ እነማን ናችሁ አላልሽውም?»

«አልኩት እንጂ። ብዙ ነን አለኝ።» ዛምፊራ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ሄደች።

ሳፍታ ከሳህኑ ጋር ብቻዋን ቀረች። ወፍጮ ቤት የነበረው ሰውዬ ከሞተ ወዲህ ጥሬ ሽንኩርት ያምራታል። አሮጊቷ ኢሊንካ ካረፈች ወዲህ ጎምዛዛ የቼሪ ማርማላታ ካልቀመሰች አይነጋላትም። በልጅነቷ ያቅለሸልሻት የነበረውን የበቆሎ ገንፎ በፕሪም ማርማላታ፣ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ሳትበላው የዋለችበት ቀን የለም። ይህን ሁሉ የራሷ አምሮት ይመስላት ነበር። አሁን እጇን ሆዷ ላይ ብታሳርፍ፣ እሷ ሳትንቀሳቀስ ሆዷ ወደ ሳህኑ ዘንበል አለ። ግራ እጇ ማንኪያውን አነሣ፤ የሳህኑን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገ። እንደዚያ የሚያደርገው ቱዶራኬ ነበር። ግራኙም እሱ እንጂ እሷ አይደለችም።

ብታስቆርጠው እናቷ ከእሳት ልትገባ ነው። ብታስዘጋው እናቷ ተርባ ልትቀመጥ ነው። ሁለቱንም ብትተው ደግሞ ትንፋሿ አንድ ሌሊት ሄዶ ይቀራል።

እያለከለከች ወደ አባ ኒፎን ሄደች። ቄሱ መሰላል ላይ ወጥተው ወይናቸውን ይገርዙ ነበር።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። እስቲ መሰላሉን ያዢልኝ፤ አንቺ ከያዝሽው እንኳን ነፋስ ጎርፍም አይጥለኝም።»

መሰላሉን እንደያዘች ሁሉንም ነገረቻቸው። አባ ኒፎን ቀስ ብለው ወረዱና ታችኛው እርከን ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ምጽዋት የሚደርሰው በእግዚአብሔር ምሕረት ነው፤ በሰው አንጀት በኩል አይደለም። ይህ መንደር ሐዘኑን መሸከም ቢከብደው አንቺ ላይ ጫነው። እኔም ሳህኑን እየባረክሁ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ይህ ያየሁትስ?»

«አላየሽም አልልሽም። አርባው ሲደርስ ጸልዪና ሳህኑን ለባለቤቱ መልሺ።»

«አንሄድም ቢሉስ?»

ቄሱ በመቀሳቸው ጫፍ ላይ የቀረውን የወይን ሐረግ አራገፉ። «የራበው ሰው ወደ ቀረበለት ይሄዳል» አሉ።

በአርባው ዕለት የመንደሩ ሰው በዛምፊራ ግቢ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰበ። የቱዶራኬ ሳህን እንደ ልማዱ ከሳፍታ ፊት ቀረበ። እሷ አማተበች፣ ተነሣች፣ ሳህኑን ተሸክማ ዛምፊራ ፊት አስቀመጠችው።

«የቱዶራኬን ነፍስ ይማር። ዕድሜ ልኳን አብራው የበላች እያለች እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«ሰጪ አይቀምስም፣ ሳፍታ» አለ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የሚደውለው ሽማግሌ። «ደንብ ነው።»

«ደንቡን ያወጣ ሰው መጥቶ ጉልበቴን ይይልኝ። እናንተም የየሟቻችሁን ብሉላቸው። እኔ በቃኝ።»

ዛምፊራ ሳህኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ግራ እጇ ማንኪያውን አነሣ፤ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገ። አጎንብሳ መብላት ጀመረች፤ ስትጨርስም ሳህኑን በዳቦ ወለወለችው። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጅ እጁን ወደ ጥሬ ሽንኩርቱ ሰደደ። የኢሊንካ ልጅ የቼሪውን ማርማላታ ወደ ራሷ ሳበች። የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር።

ሳፍታ ሆዷ እንግዳ እንደወጣለት ቤት ኦና ሲሆን ተሰማት። በዚያ ቤት ጥግ ግን አንዲት ሴት ዝም ብላ ተቀምጣለች፤ እሷ የማንም አይደለችም፣ የሳፍታ ናት። ሳፍታ ለአርባው ከቀረበው የስንዴ ንፍሮ አንድ ማንኪያ አነሣች። «የእናቴን ነፍስ ይማር» ብላ በላችና ማንኪያውን አኖረች። ሌላ አላማራትም።

ሰኞ ዕለት ለዶክተር ሊቪያ «ሁለተኛው ይሁን» አለቻት።

«ትልቁ ጨጓራ ውስጥዎ መቅረቱ አስፈርቶዎት አልነበረም?»

«ያኔ ሰው ነበረበት። ባዶ ቤት ቢዘጋ ማን ይከፋዋል? ለእናቴ እንደሆነ ትንሿ ከረጢት ትበቃታለች።»

ሐኪሟ ቀልድ መስሏት ፈገግ እያለች ቀጠሮውን ያዘችላት።

ዓመት አልፎ ወይኑ ሲለቀም ሳፍታ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ደርሳ የምትመለስ ሆነች። ሌሊት ትንፋሿ አይቆምም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዛምፊራ መጣች። ቀሚሷ ጎንና ጎኑ ተተርትሮ በሌላ ጨርቅ ሰፍቷል። ስትቀመጥ ወንበሩ አቃሰተ።

«እህቴ፣ ያቺ ሐኪምሽ አዲስ ሰው ትቀበላለች?»

«ትቀበላለች።»

«የትኛው ይሻላል ትያለሽ? መቁረጡ ወይስ መዝጋቱ?»

ሳፍታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ዛምፊራ፣ የምትጠይቂኝ አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?»

ጠረጴዛው ላይ ሳህን አልነበረም፤ ማንኪያም አልነበረም። የዛምፊራ ግራ እጅ ግን ባዶውን እንጨት በጣቱ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገው።