አምስተኛው ዙር

ማላኪ በሩን ከፍቶ ሲገባ ኮልማን ከወንበሩ ብድግ አለ። ለቀስተኛው ሁሉ የሻይ ኩባያውን እንደያዘ ወደ በሩ ዞረ። በእኛ አገር፣ በአየርላንዷ ኮኔማራ፣ ለቅሶ የመጣን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ ደመኛም ቢሆን። ኮልማን አንገቱን አንቆ ያላስወጣው ለዚህ ብቻ ነው።

ዐይን አውጣ! የኮልማንንና የኖላን አንድ ወንድ ልጅ፣ ፊንታንን፣ ሰክሮ በመኪና የገደለው ይኸው ማላኪ ነው። ታስሮ ተፈታ። አሁን ደግሞ እናትየው ኖላ ሞታ፣ ሬሳዋ ሳሎን ተጋድሞ፣ ባርኔጣውን ጨብጦ መጣ። አንዷ ጎረቤት፣ ለዚህም ሳንድዊች ልናቀርብለት ነው ወይ ብላ በጆሮዬ ተነፈሰች።

ኖላ አልጠላችውም የሚል ካለ ይዋሻል። ጠልታዋለች። ግን ልጇ ከተቀበረ ጀምሮ በየማታው መቁጠሪያዋን ደግማ ስትጨርስ ጥርሷን ነክሳ "ለማላኪም" ትላለች። ኮልማን ተነስቶ ወደ ላሞቹ ይወጣል። አንድ ማታ ይህን ስም ከቤቴ አውጪልኝ አላት።

"እኔስ መቼ ወደድኩት?" አለችው። "እግዜር ልቤን እስኪቀይረው አልተውም።"

ልቧ ተቀይሮ እንደሆነ እንጃ። ጸሎቱን ግን እስክትሞት አላስታጎለችም፤ ወሬውም ማላኪ ጆሮ ደርሷል።

ማላኪ ሬሳው አጠገብ አማተበና ወደ ኮልማን ዞረ።

"ጋሽ ኮልማን፣ ከእንግዲህ ለእኔ ማን ይጸልይልኛል?"

"እኔ ደግሞ ለእሷ ልታለቅስ የመጣህ መስሎኝ። ለካ ለራስህ ነው።"

"ለራሴም ነው።"

"ከእኔ አፍ አትጠብቅ።"

ሴት ልጁ ኢታ ክንዱን ብትይዘው መንጭቆ አስለቀቃት።

ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣቱ በፊት ለጸሎት ተንበረከክን። ኮልማን ከፊት፣ ማላኪ ከኋላው በሩ ጋ። መቁጠሪያ አምስት ዙር ነው፤ በየዙሩ "ሰላም ላንቺ ይሁን ማርያም" አሥር ጊዜ ይባላል። እያንዳንዱን ዙር አንድ የቤት ሰው ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። አራቱን ዙር ኢታና አክስቶቿ ተቀባብለው መሩ። አምስተኛው የፊንታን ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ በእሱ ፋንታ የምትለው ኖላ ነበረች። አሁን የሚጀምረው ጠፋ። ኢታ አባቷን አየች፣ ኮልማን ሬሳውን አየ።

"አንተ በል" አለ፣ ወደ ማላኪ ሳይዞር። "ቦታውን ባዶ ያስቀረኸው አንተ ነህ።"

ምሕረት ይሁን ቅጣት እስካሁን አልገባኝም። ድምፁ ግን የስድብ ነበር።

ማላኪ ጀመረ። መቁጠሪያ አልያዘም። ሦስተኛው "ሰላም ላንቺ" ላይ ቆጠራው ጠፋበት፣ ቆመ። ኮልማን አሁንም ፊቱን አላዞረለትም። እጁን ብቻ ወደ ኋላ ዘርግቶ ሦስት ጣቱን አሳየው። ማላኪ ቀጠለ። አራተኛው ጣት ተነሳ። አምስቱ ሲሞሉ ኮልማን ሁለተኛውን እጁን ጨመረለት።